ሸሻጊው ማን ነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ግድም፣ የሆነ አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፌያለሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ደምሴ የሸሸገውን ገበሬ ልጅ አገባ» ይላል። ጓደኛዬ አነበበና «ማን ነው ማንን የሸሸገው?» አለኝ። ነጠላ ሰረዝ ብጨምርበት ይስተካከል ይሆን?
ጀማሪ ጸሐፊ፣ ከደሴ

መልስ፦ ጓደኛህ ጥሩ አንባቢ ነውና ጽሑፍህን ሁሉ አስነብበው። ዓረፍተ ነገርህ ሦስት ታሪክ ይዟል። በአንዱ ገበሬው ደምሴን ሸሸገው፤ ደምሴም የባለውለታውን ልጅ አገባ። በሌላው ሸሻጊው ደምሴ ነው፤ ገበሬውን አድኖ የገበሬውን ልጅ አገባ። በሦስተኛው ደግሞ ያገባው ደምሴ አይደለም፤ ደምሴ የሸሸገውን ገበሬ ልጅ ያገባው ሌላ ሰው ነው።

ነጠላ ሰረዟን ከስሙ ቀጥሎ አድርጋት፦ «ደምሴ፣ የሸሸገውን ገበሬ ልጅ አገባ።» አሁን አግቢው ደምሴ መሆኑ ስለለየ ሦስተኛው ታሪክ ወደቀ። የቀሩትን ሁለቱን ግን ሰረዝ አይለያቸውም። ጣጣው ያለው «የሸሸገው» መጨረሻ ላይ ባለችው «ው» ነው፤ ደምሴንም ገበሬውንም ልታመለክት ትችላለች። ሁለቱም ወንድ፣ ሁለቱም ነጠላ ናቸውና። በገበሬው ፈንታ ሴት ብትሆን ግሱ ራሱ ይለይልህ ነበር፦ «የሸሸገችውን ሴት» ካልክ ሸሻጊዋ እሷ፣ «የሸሸጋትን ሴት» ካልክ ሸሻጊው እሱ።

«ጎተራ ውስጥ የሸሸገውን» ብለህ ብታብራራም አይበቃም፤ የማን ጎተራ? «እሱን የሸሸገውን» ብትል ስሕተት የለበትም፤ ለታሪክ መዝጊያ ግን ለጆሮዬ ይከብደኛል። እኔ ብሆን ለሁለት እሰብረዋለሁ፦ «ገበሬው ደምሴን ጎተራ ውስጥ ሸሸገው። ደምሴም የገበሬውን ልጅ አገባ።» እዚህ ላይ «ልጁን አገባ» እንዳትል፤ የገዛ ልጁን ያገባ ይመስላል!

ቀደም ባሉት ገጾች ሸሻጊው ታውቋል ትለኝ ይሆናል። ቢታወቅም የመጨረሻውን መስመር የሚያነብ ሰው ገጽ ወደ ኋላ እንዲገልጥ ማስገደድ በደል ነው።

ነጠላ ሰረዝ ብቻዋን ነገሩን የምትፈታበትም ቦታ አለ። «ትናንት የሞተውን ወንድሙን አስታውሶ አለቀሰ» ስትል ትናንት የሞተው ወንድሙ ነው። «ትናንት፣ የሞተውን ወንድሙን አስታውሶ አለቀሰ» ስትል ግን ትናንት የተለቀሰበት ቀን ነው፤ ወንድሙ ከሞተ ዓመታት አልፈው ሊሆን ይችላል። ጮክ ብለህ አንብበው፤ ትንፋሽህ የት ላይ እንደሚቆም ትሰማለህ።

ገላጩንና ስሙን ግን በሰረዝ አትለያይ። «ከወሎ የመጣው፣ ወጣት» የሚል ረቂቅ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ ሁልጊዜም በቀይ እሰርዘዋለሁ። «ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ወጣት» ሲሆን ሰረዙ ተገቢ ነው፤ እዚያ የሚለያዩት ገላጮቹ ናቸው፤ ከመጨረሻው ገላጭና ከስሙ መካከልም ምንም አልገባም።

የላክኸው ጽሑፍ በስልክ የተጻፈ ይመስላል፤ የፈረንጁ ኮማ በዝቶበታል። «፣» በአማርኛው ኪቦርድህ ላይ አለችልህ፤ ረቂቁን ለአሳታሚ ከመስጠትህ በፊት ሁሉንም በእሷ ተካቸው።