መኪናውን ፋይናንሱ ሳያልቅ መመለስ ትችያለሽ፤ ግን በጽሑፍ አድርጊው

እህቴ፣ መኪናውን በፒሲፒ (በየወሩ እየከፈልሽ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ክፍያ ከፍለሽ የራስሽ የምታደርጊበት የመኪና ብድር) ወስደሽ አሁን ገቢሽ ስለቀነሰ መመለስ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ለፋይናንስ ድርጅቱ ስትደውይ ደግሞ «ኮንትራቱ እስኪያልቅ መክፈል ግዴታ ነው» ብለውሻል። ውሸት ነው። እዚህ ዩኬ ውስጥ በ1974ቱ የኮንሲውመር ክሬዲት አክት (የሸማቾች ብድር ሕግ) አንቀጽ 99 ውሉን የማቋረጥ መብት አለሽ። እኔም በዚሁ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ኮንትራትሽን አውጪና ስለ ማቋረጥ መብትሽ የተጻፈበትን ክፍል ፈልጊ። በፒሲፒም ሆነ በኤችፒ (መጨረሻ ላይ ትልቅ ክፍያ የሌለበት የመኪና ብድር) ውል ላይ መኖር አለበት። እዚያ ላይ አንድ የገንዘብ መጠን ታገኛለሽ። የጠቅላላ ክፍያው ግማሽ ነው። ቅድመ ክፍያሽም ይቆጠርልሻል። ጠቅላላው 20,000 ፓውንድ ቢሆን ግማሹ 10,000 ነው፤ እስካሁን ከነቅድመ ክፍያው 8,000 ከከፈልሽ የሚቀርብሽ 2,000 ነው። ፒሲፒ ላይ መጨረሻ የሚከፈለው ትልቁ ገንዘብም ጠቅላላው ውስጥ ስለሚገባ፣ ግማሹ ላይ የሚደረሰው ዘግይቶ ነው። «ግማሽ ላይ ስላልደረስሽ ማቋረጥ አትችይም» ካሉሽ አትስሚያቸው፤ ልዩነቱን ትከፍያለሽ እንጂ መብቱ አይቀርም። ግማሹን ካለፍሽ ግን ትርፉን አይመልሱልሽም። ስለዚህ ከወሰንሽ አትዘግዪ።

2. ዛሬ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት ስንት እንደሚፈልጉ ጠይቂ። መኪናው ገበያ ላይ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ ዘግቶ መሸጥ ይሻላል። የኔው ዋጋው ከዕዳው በታች ወርዶ ስለነበር መመለሱ ነው ያዋጣኝ። ያንቺም እንደዚያው ይመስለኛል።

3. ደብዳቤ ጻፊ። በስልክ አትነጋገሪ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ደብዳቤዬ አጭር ነበር። «በአንቀጽ 99 መሠረት ይህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ውሌ ተቋርጧል። መኪናውን የምትረከቡበትን ቀን አሳውቁኝ» ነው ያልኩት፤ ከኮንትራት ቁጥሩ ጋር። ፈቃድ አልጠየቅኩም። «ብታቋርጡልኝ» የሚል ነገርም አላስገባሁም። በኢሜይልም በሪኮመንዴ ፖስታም ላክሁት።

የፋይናንስ ድርጅቱ ሰው ወዲያው ደወለ። ንግግሩ በጣም ያሳዝናል። የምለውን እየሰማ እንዳልገባው ሆኖ ያስደግመኛል፤ ከዚያ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቃላቱን እየጎተተ ያወራኛል። ደብዳቤው ዋጋ እንደሌለው፣ እነሱ የሚልኩትን ፎርም ካልፈረምኩ ምንም እንዳልተቋረጠ ነገረኝ። ፎርሙ መጣ። ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን መስመር አነበብኩት። ቮለንተሪ ሰረንደር (መኪናውን በፈቃድ አሳልፎ መስጠት) ይላል! ይሄ ከቮለንተሪ ተርሚኔሽን፣ ማለትም በአንቀጽ 99 ውሉን ከማቋረጥ፣ ፈጽሞ ሌላ ነው። በሰረንደር መኪናውን ወስደው ይሸጡታል፤ ከሽያጩ የጎደለውን ዕዳ በሙሉ ካንቺ ይጠይቃሉ። የግማሹ ገደብ አይሠራልሽም። ስንቱ ሰው እንግሊዝኛው ከብዶት፣ ወይም በስልኩ ደንግጦ፣ ይህን ፈርሞ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ዕዳ ውስጥ እንደገባ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አልፈረምኩም። በኢሜይል መልስ ሰጠሁ፦ ውሉን ያቋረጥኩት በአንቀጽ 99 ነው፣ በአንቀጽ 173 መሠረት ደግሞ ኮንትራታችሁ ይህን መብቴን ሊቀንስ አይችልም፣ ከዚህ በኋላ በጽሑፍ ብቻ አናግሩኝ። በቃ። ቀጥሎ የጻፈችልኝ ሌላ ሴት ነበረች፤ ይቅርታ ጠይቃ የመረከቢያ ቀን ሰጠችኝ። በዚህ እኮራለሁ። ጠበቃ አልያዝኩም፤ ሕጉን አንብቤ ነው።

ደብዳቤው ሳይላክ ዳይሬክት ዴቢቱን (በየወሩ ከባንክሽ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ) እንዳታቆሚ፣ አደራ። ክፍያ ካስተጓጎልሽ እነሱ ቀድመው ውሉን ሊያቋርጡት ይችላሉ፤ ያኔ የአንቀጽ 99 መብትሽ አለቀ። ውዝፍ ካለብሽም ይጠየቅብሻል። ኢንሹራንሱንም መኪናው ከእጅሽ እስኪወጣ አትንኪው።

ሊወስዱት ሲመጡ በቀን ብርሃን ይሁን። ዙሪያውን፣ ውስጡን፣ ጎማዎቹን፣ የማይል ቆጣሪውን በቪዲዮ ቅረጪ። ሕጉ የሚጠብቅብሽ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግሽን ነው፤ አዲስ አድርገሽ መመለስሽን አይደለም። እኔን በሩ ላይ ስላለች ጭረት ሒሳብ ላኩብኝ፤ ፎቶውን ስልክላቸው ሰረዙት። ከኮንትራቱ ገደብ በላይ ለነዳሽው ማይልም ሊያስከፍሉሽ ይሞክሩ ይሆናል። ይሄ የሚያከራክር ነገር ነው፤ ዝም ብለሽ አትክፈይ፣ በየትኛው ሕግ እንደሆነ በጽሑፍ ያስረዱሽ።

ካስቸገሩሽ መደበኛ ቅሬታ አስገቢ። የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አላቸው። መልሱ ካላረካሽ ወይም ጊዜው ካለፈ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ (በፋይናንስ ድርጅቶች ላይ የሚቀርብ ቅሬታን የሚያይ ገለልተኛ አካል) በነፃ ያይልሻል፤ መልሱ ከደረሰሽ በኋላ ግን 6 ወር ሳያልፍ መሄድ አለብሽ።

ክሬዲት ፋይልሽ (የብድር ታሪክሽ መዝገብ) ላይ ውሉን እንዳቋረጥሽ ይጻፋል። ዲፎልት (ዕዳዋን አልከፈለችም) ብለው ከጻፉት ግን ስህተት ነው፤ አስተካክሉ በያቸው። ለዲቪኤልኤም (የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) መኪናውን እንዳስረከብሽ አሳውቂ።

ደብዳቤውን ስትጽፊ ስምሽንና የኮንትራት ቁጥሩን ደብቀሽ እዚሁ ለጥፊው። ከመላክሽ በፊት አይልሻለሁ።