መልስ፦ ለፋብሪካ ሥራ የሚጻፍ የማመልከቻ ደብዳቤ

እህቴ፣ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ላለ ፋብሪካ ደብዳቤ እንዴት ልጻፍ ብለሻል። ከአንድ ገጽ አይለፍ። ከላይ በቀኝ ቀን፣ በግራ «ለ፦» ብለሽ የድርጅቱ ስም፣ ከሥሩ «ጉዳዩ፦» ላይ የሥራ መደቡ ልክ ማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈው። የማስታወቂያ ቁጥር ካለው አትርሺው፤ ብዙ መደብ አንድ ላይ ሲወጣ ማመልከቻዎች የሚደባለቁት እሱ ሲጎድል ነው።

ጉልበትሽን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አውዪው። «ታታሪና ታማኝ ነኝ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል፣ ምንም አያሳይም። ማስታወቂያው ከጠየቃቸው ችሎታዎች ሁለቱን ምረጪና በሥራ አሳዪ፦ «በ2 ወር የተግባር ልምምዴ የዕለት ደረሰኞችን በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር መዝግቤ ከባንክ መግለጫ ጋር አስታርቄያለሁ።» ያልሠራሽውን ግን በፍጹም አትጨምሪ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «እስቲ አሳዪን» ይሉሻል።

ውጤትሽ ሲቪው ላይ ስላለ አትድገሚው። ስልክሽን ግን ከፊርማሽ ሥር ጻፊ፣ ደብዳቤውና ሲቪው ሊነጣጠሉ ይችላሉና። አባሪውን በገጽ ብዛት ጥቀሺ። ለሌላ ድርጅት ከጻፍሽው ገልብጠሽ ከሆነ ደግሞ የድሮው ስም የትም ቦታ እንዳይቀር፣ በተለይ የመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ፣ አትመሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው።