ከክለብ ክለብ የሚዞር ተከላካይ ሕይወት፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅዎ በበረዶ ሆኪ ተከላካይነት መተዳደር እንደሚፈልግ፣ ዘመዶችዎ ደግሞ «ስምንት ቡድን የቀያየረ ተጫዋች የትም ያልተፈለገ ሰው ነው፤ ልጁን ከዚህ አውጪው» እያሉ እንደሚያስጨንቁዎት ጽፈዋል። እኔ እዚህ ካናዳ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ክለብ የዕቃ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። የበረዶ ጫማ ምላጭ እስላለሁ፣ ማሊያ አጥባለሁ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከአውቶቡስ ሻንጣ አወርዳለሁ። አዲስ ተጫዋች ሲመጣ ቁጥሩን ማሊያ ላይ የምናትመው፣ ሲሄድም ዕቃውን ጠቅልለን የምንሸኘው እኛ ነን።

ዘመዶችዎ ተሳስተዋል። የማይፈለግ ተጫዋች ስምንት ቡድን አይዞርም፤ ከሁለተኛው በኋላ የሚደውልለት ያጣል። ስምንት ጊዜ የተጠራ ሰው፣ ስምንት አሠልጣኞች «ይህ ሰው ይጠቅመናል» ያሉለት ሰው ነው።

የተከላካዩን የሮን ሄይንዚን ታሪክ ለልጅዎ ያንብቡለት (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2000 ድራፍት (የሰሜን አሜሪካ ዋናው ሊግ፣ የNHL ክለቦች ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) የሞንትሪያል ክለብ በ13ኛ ተራ መረጠው። በዚህ ደረጃ የተመረጠ ወጣት ቶሎ ኮከብ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። እርሱ ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአብዛኛው ያሳለፈው በታችኛው ሊግ፣ ለምሳሌ በሃሚልተን ነበር። የ2004–05 የውድድር ዘመን ደግሞ በአሠሪዎችና በተጫዋቾች አለመግባባት ምክንያት በዋናው ሊግ ጨርሶ አልተካሄደም። በኅዳር 2005 ሞንትሪያል «ዌቨርስ» ላይ አወጣውና ኮሎምበስ ወሰደው።

ይህን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ክለብ ልምድ ያለውን ተጫዋች ወደ ታችኛው ሊግ ለማውረድ ሲፈልግ መጀመሪያ ስሙን ለሌሎቹ ክለቦች ሁሉ ያሳውቃል። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚፈልገው ክለብ ከነውሉ ይወስደዋል፤ በምትኩ ተጫዋች መስጠት አይጠበቅበትም። ሰው ይህን እንደ ውርደት ያወራዋል። ሄይንዚ ግን ቋሚ ቦታ ያገኘው በዚያው መንገድ ነው፤ በ2008 አትላንታ በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት አስፈረመው። በ2011 ክለቡ ራሱ ተነቅሎ ወደ ዊኒፔግ ተዛወረ፤ ተጫዋቹ ምንም ሳይወስን ኑሮው ከደቡባዊት የአሜሪካ ከተማ ወደ ካናዳ ሜዳ ብርድ ተሻገረ። በ2012–13ቱ የሥራ ክርክር ጊዜ በተጫዋቾች ወገን ከተደራዳሪዎቹ አንዱ ነበር። ውሉ ሲያልቅ ወራት ያለ ክለብ ቆይቶ፣ ውድድሩ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ካሮላይና መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ብቻ ወሰደው፤ ኋላ ግን ውሉን አራዘመለት።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ተሰልፎ አያውቅም። በየካቲት 2017 ፒትስበርግ ከካሮላይና በዝውውር ወሰደው። በሚያዝያ ወር የመጀመሪያውን የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሲጫወት ከዚያ በፊት 907 መደበኛ ጨዋታዎችን አድርጎ ነበር፤ በሊጉ ታሪክ ያን ያህል የጠበቀ ሰው አልነበረም። ተጋጣሚው ደግሞ የድሮ ክለቡ ኮሎምበስ ነበር። የፒትስበርግ ዋና ተከላካይ ክሪስ ሌታንግ በአንገት ጉዳት ከውድድሩ ውጭ ስለሆነ በሄይንዚ ላይ የወደቀው ኃላፊነት ከባድ ነበር። በሰኔ ናሽቪል ላይ ዋንጫውን አነሡ። አምበሉ ሲድኒ ክሮስቢ ስታንሊ ካፕን መጀመሪያ ያቀበለው ለማን መሰለዎት? ለሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሄይንዚ ነበር። ያን ቀን በዕቃ ክፍላችን ውስጥ ቴሌቪዥኑን ከበን የነበርን ሁሉ አጨበጨብን፤ ማንኛችንም የፒትስበርግ ደጋፊ አልነበርንም። ከዚያ በኋላ በቶሮንቶና በኦታዋ ተጫውቶ በ1,132 ጨዋታዎች ጨረሰ። ዛሬ በተጫዋቾች ማኅበር አመራር ውስጥ ይሠራል።

ተከላካይ እንዲህ የሚፈለገው ለምንድን ነው? በአንድ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ተከላካዮች በሦስት ጥንድ ይሰለፋሉ። አንዱ ሲጎዳ የቀሩት አምስቱ ይደክማሉ፣ የደከመ ተከላካይ ደግሞ በአንድ ስሕተት በቡድኑ ላይ ጎል እንዲገባ ያደርጋል። ስለዚህ ዋንጫ የሚያልም ክለብ ሁሉ ጥሎ ማለፉ ከመጀመሩ በፊት፣ በየካቲት ወር የሚታመን ተከላካይ ይፈልጋል። ጎል የማግባት ግዴታ የለበትም። በቅጣት ምክንያት በቁጥር ሲያንሱ መቆም፣ የተመታ ፐክን (በኳስ ፈንታ የሚጫወቱበትን ጠፍጣፋ ጎማ) በሰውነቱ መመከት፣ ከራሱ ሜዳ የመጀመሪያዋን ፐክ በትክክል ማቀበል ይበቃዋል። ይህ ዕውቀት በሃያ ዓመት አይበስልም። ብዙ ተከላካዮች ከሃያ አምስት በኋላ ሲያምሩ አይቻለሁ፤ ልጅዎ ዛሬ ካልተመረጠ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ የሚከብደውን ልናገር፤ ሄይንዚ የደረሰበት የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸውና። በዋናው ሊግ በ2025–26 ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 775,000 ዶላር ነው። ግን ብዙ ወጣቶች የሚፈርሙት ሁለት ደመወዝ ያለው ውል ነው፦ ላይ ሲጫወቱ አንድ፣ ታች ሲወርዱ ሌላ፣ እጅግ ያነሰ። በሦስተኛው ደረጃ ክፍያው ሳምንታዊ ነው፤ ክለቡ ቤት የሚሰጠውም ውድድር እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ በዕረፍቱ ወራት ሌላ ሥራ መፈለግ ግድ ይሆናል። በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በስሎቫኪያ ወይም በብሪታንያ ሊጎች የሚጫወቱ ጓደኞቻችን ብዙ ጊዜ ቤትና መኪና ይሰጣቸዋል፤ ውሉ ግን በአብዛኛው የአንድ ዓመት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፣ ሚስቶች ሥራቸውን ይተዋሉ። ማክሰኞ ጠዋት ተሽጦ ረቡዕ ማታ በሌላ ከተማ የተሰለፈ አባት አውቃለሁ፤ ዕቃ የጫነችው፣ የቤት ኪራይ ውል ያፈረሰችው ባለቤቱ ነበረች። ስለ እነዚህ ሴቶች ማንም አይጽፍም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ስለ ትምህርቱ ግን ተስፋ ሰጪ ነገር አለ። ቀደም ሲል በካናዳ ዋና የወጣቶች ሊግ የተጫወተ ልጅ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ምድብ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ተፈቅዷል። የወጣቶች ሊጉ ራሱም ልጁ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ዓመት የትምህርት ወጪ ይሸፍናል፤ ግን የጊዜ ገደብና ቅድመ ሁኔታ ስላለው ወረቀቱን መስመር በመስመር ያንብቡ። ተከላካይ ዘግይቶ ስለሚበስል ለእኔ ዩኒቨርሲቲ የተሻለው መንገድ ነው፤ ሄይንዚም ቢሆን ከማሳቹሴትስ ሎዌል ዩኒቨርሲቲ ነው የወጣው።

ውል ሲመጣ በተጫዋቾች ማኅበር የታወቀ ወኪል ሳያየው አይፈርሙ። ቢጎዳ ደመወዙ ይቀጥል እንደሆነ፣ ሲዛወር የጉዞና የዕቃ ወጪ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ልጁን ደግሞ ከአሠልጣኙ ፊት ሳይሆን ብቻውን ሆኖ ተመትቶ ራሱን አሞት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት። ተከላካይ ጀርባውን ሰጥቶ ከግድግዳው ሥር ፐክ ሲያነሣ ነው ከኋላ የሚመታው፤ ብዙዎች ደግሞ ቦታቸውን እንዳያጡ ሕመማቸውን ይደብቃሉ።

አንድ ነገር አልጻፉም፤ ልጅዎ የሚመታው በቀኝ ነው በግራ? በቀኝ የሚመታ ተከላካይ በየሊጉ እጥረት አለ፤ መልሱን ከጻፉልኝ የትኞቹን ቡድኖች ማነጋገር እንደሚሻል እነግርዎታለሁ።