አቤቱታው የገባው መቼ ነው?

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የሚኖሩት ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች ከተማ ነው። ከቤታቸው ጀርባ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ አለ። ማታ ማታ ጭሱ ቤት ድረስ ይገባል፣ ትንሹ ልጃቸውን ሆዱን ያመዋል። "ደጋግመን አመልክተናል፣ መልስ የለም። አምና ፋብሪካው ትንሽ ረድቶን ነበር። አሁን መንግሥት በፋብሪካ ጭስ ላይ ገደቡን ሊያጠብቅ ነው ሲባል ሰማን። አዲሱ እስኪወጣ ብንጠብቅ ይሻላል ወይስ እንክሰስ?"

አይጠብቁ።

ገደቡ ቢጠብቅ ደስ ይለኛል። ግን ገደብ ጠበቀ ማለት ፋብሪካው በማግስቱ ጭሱን ያቆማል ማለት አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ራሱ፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል አንድን ድርጅት ለተወሰነ ጊዜ ከስታንዳርዱ ነጻ ማድረግ ይፈቅዳል። ነባር ፋብሪካ ደግሞ "ማስተካከያ ጊዜ ስጡኝ" ማለቱ አይቀርም። መብትዎ ግን ዛሬም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶዎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቁጥር 1225 ላይ ጎረቤትን ከልክ ባለፈ ጭስና ጥላሸት ማስቸገርን ይከለክላል። "ፈቃድ አለን" ቢሏችሁ አትደንግጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ መጽደቁ ፋብሪካውን ከጉዳት ኃላፊነት አያድነውም።

እኔን ያሳሰበኝ "ደጋግመን አመልክተናል" ያሏት ነገር ናት። ለማን? መቼ? በጽሑፍ ነው በቃል? ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት፣ አንድም ቀን አልተጻፈበትም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀበሌ ሄዳችሁ በቃል ነግራችሁ፣ "እናየዋለን" ተብላችሁ የተመለሳችሁ ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ በሕጉ ዓይን ገና አላመለከታችሁም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 በጣም ጥሩ አንቀጽ ነው። ማንም ሰው፣ እኔን በግል ጎድቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካዩ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው የሚቀርበው ግን ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ቀበሌና ፖሊስ ዘንድ መሄድ ክፋት የለውም፣ ቀኑን ግን አያስቆጥርም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ወስኖ ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ለዚያም ያላችሁ 60 ቀን ብቻ ነው። መስከረም 1 ያስገባ ሰው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መልስ ካላገኘ ስልሳው ቀን መቆጠር ይጀምራል፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ያልቃል። በዚህ መሃል ኃላፊው በትሕትና ተቀብሎ "በሚቀጥለው ሳምንት ባለሙያ እንልካለን" ይላል፣ ሰዉም ኃላፊውን ላለማስቀየም ብሎ ይጠብቃል፣ ባለሙያው አንድ ቀን መጥቶ አይቶ ይሄዳል፣ ጥር ላይ ወደ እኔ ሲመጡ ቀኑ አልፏል። ዝምታም መልስ ነው፤ ቀኑን የሚያስቆጥረው እሱ ነው። የቃል ተስፋ ቀን አያራዝምም። ጭሱ ዛሬም ስለቀጠለ እንደገና ማመልከት ይቻላል ብሎ መከራከር ይቻላል፣ እኔም እከራከራለሁ፤ ግን ክርክር ነው እንጂ ዋስትና አይደለም።

ስለዚህ አቤቱታውን በጽሑፍ ያስገቡ። መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፉበት፣ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ቤትዎ ያስቀምጡ። በኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካው የሚለቀውን ነገር እየለካ መዝግቦ መያዝና ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ ያንን ሪፖርት፣ የተቆጣጣሪዎችን ቃለ ጉባኤ፣ ከስታንዳርዱ ነጻ የተደረገበት ወረቀት ካለም እሱን፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የማግኘት መብት በሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ይጠይቁ።

"ትንሽ ረድቶን ነበር" ያሉትስ? ገንዘቡን ስትቀበሉ ፈርማችኋል? ምን ላይ? "ከእንግዲህ ጥያቄ የለንም" የሚል ወረቀት ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ሊፈርስ የሚችልበት መንገድ ይኖር ይሆናል፣ ወረቀቱን ሳላይ ግን አንድ ቃል አልናገርም። እባክዎ ኮፒውን ከፋብሪካው ይጠይቁና ለጠበቃ ያሳዩ። ሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ሳያማክሩ እንዳይፈርሙ።

የካሳ ክስም የራሱ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ከየትኛው ቀን ይቆጠር የሚለው ራሱ ያከራክራል፣ ይህንንም ጠበቃዎ ከሰነዱ ጋር አይቶ ይወስን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ልጁ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፣ በልጅ ላይ ደግሞ አእምሮን ነው የሚጎዳው። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይውሰዱት። ቤታችን አጠገብ ባትሪ ይቀልጣል ብለው ለሐኪሙ ይንገሩት፣ ደሙ ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን የት እንደሚመረመር ይጠይቁት። ውጤቱን ቀንና ማኅተም ባለው ወረቀት ይቀበሉ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ፖስታ አድርገው፣ ከተማዎ ያለ ጠበቃ ዘንድ በዚሁ ሳምንት ይሂዱ። አቅም ከሌለዎት ፍርድ ቤት የተከላካይ ጠበቆች ቢሮን ወይም ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።