ሐብሐብ በሽሮ ሜዳ ብርድ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ትንሽ ባዶ ቦታ አለች። ዱባ ዘርቼ አጥሩን ዘሎ ጎረቤት ገባ፣ ጎመኑም አያሳፍርም። ሐብሐብ ግን እምቢ አለኝ። በልተን የተረፈውን ፍሬ አጥቤ አደረቅኩና ሰኔ መግቢያ ላይ ዝናቡን ጠብቄ ዘራሁ። ከ10 ፍሬ የበቀለው 3 ነው፣ እነሱም ጣት አክለው ቀሩና ሐምሌ ላይ በሰበሱ። ሰዉ «ሐብሐብ የቆላ ነው፣ አርፈሽ ከገበያ ግዢ» ይለኛል። ልተወው?

መልስ፦ ሐብሐቡን አትተዪው ልጄ፣ ሰኔን ተዪው። ዱባና ሐብሐብ ዘመዳሞች ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ዱባ ብርዱን ችሎ ይኖራል። ሐብሐብ ሲበርደው ያኮርፋል።

ከመቂና ከዝዋይ በኩል የሚመጣልን ሐብሐብ ያደገው 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አንቺ ያለሽው 2,500 አካባቢ ነሽ። ቀን ቀን ያንቺም ግቢ ይሞቃል፣ ችግሩ ማታ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ነው። አፈሩ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ፍሬው ቶሎ አይበቅልም፣ እርጥብ መሬት ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ የበቀለውም ይጎዳል። ክረምት ላይ ፀሐይ የለም፣ አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናቡ አያባራም። ሦስቱም የበቀሉልሽ ጎበዝ ሆነሽ ነው።

እኔም ተሞኝቻለሁ። «ክረምቱ ወጣ፣ ፀሐዩ ደማቅ ነው» ብዬ ጥቅምት ላይ ተከልኩ። አበባ አወጣ፣ እንቁላል የሚያክል ፍሬም ያዘ፣ ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። ኅዳር ላይ ሌሊቱ ከረረና ፍሬው እየጠቆረ ረገፈ። ጎረቤቴ እስካሁን «ሐብሐቡ እንዴት ነው?» ይለኛል።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ሐብሐብ ጊዜው ከጥር መጨረሻ እስከ ሰኔ መግቢያ ነው። ሞቃቶቹ ወራት እነዚያ ናቸው።

ፍሬውን መሬት ላይ አትዝሪ። ብቅል እንደሚዘጋጀው ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጪው፣ እዚያ ሞቅ ይላል። ጭራ ሲያወጣ ከጋዜጣ በተጠቀለለ ኩባያ ውስጥ ትከዪው። ሥሩ ሲነካካ ስለማይወድ ከነጋዜጣው መሬት ታስገቢዋለሽ። ሃይላንድ ቆርጠሽ ብትጠቀሚም ይሆናል፣ ግን ስታወጪው አፈሩ እንዳይፈርስ። 3 ወይም 4 ሳምንት መስኮት ዳር ይቆይ።

እስከዚያ ቦታውን አሙቂ። ከድንጋይ ወይም ከብሎኬት ግድግዳ አጠገብ ያለውን ቦታ ምረጪ፣ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለሽ አፈሩን ወደ ላይ ከምረሽ በጥቁር ላስቲክ ሸፍኚው። ችግኙን ላስቲኩን ቀደሽ ትከዪ፣ አንዱን ከሌላው አንድ ሜትር አራርቂ። በላዩ ቀርከሃ አጉብጠሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ አልብሺው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፈቺው፣ አለዚያ ይቀቀላል፣ 11 ሰዓት ላይ ዝጊው። ውሃ የሞላ ጀሪካን ጥቁር ቀለም ቀብተሽ አጠገቡ ብታስቀምጪ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ያሞቅልሻል፣ ሰው ቢስቅ ይሳቅ።

አበባው ሲመጣ አትደንግጪ፣ መጀመሪያ የሚወጡት ወንዴዎቹ ናቸው፣ እነሱ ይረግፋሉ። ሴቴዋ ከሥሯ አተር የምታክል ፍሬ ይዛ ነው የምትመጣው። ላስቲክ ውስጥ ንብ እንደልቧ ስለማትገባ ሥራውን አንቺ ሥሪላት፦ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ወንዴውን ቆርጠሽ የአበባውን ቅጠሎች አንሺና ብናኙን ሴቴዋ መሃል ላይ አሻሺ። ከአንድ ሐረግ ከ2 ፍሬ በላይ አታስቀሪ፣ ሌላው ይቆረጥ። ያማል፣ አውቃለሁ።

ዘሩን በተመለከተ ከበላሽው አትውሰጂ። ብዙ ጊዜ ዲቃላ ስለሆነ ልጁ እናቱን አይመስልም። ከዘር ሱቅ «ሹገር ቤቢ» ካገኘሽ ግዢ፣ ትንሽና ፈጣን ናት። በፓኬቱ ላይ 75 ወይም 80 ቀን ቢልም እኛ ሰፈር ብርዱ ስለሚያዘገያት ከዚያ በላይ ጠብቂ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። እዚህስ ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውርጭ ባለበት ሜዳ ላይ አይሆንም። ሙሉ የላስቲክ ቤት ካልሠራህ ገንዘብህን አታባክን። አፕል ትከል፣ እሱ ብርድ ይወዳል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲያትል ነው ያለሁት፣ ከቤቴ ጀርባ ጓሮ አለኝ። እናቴ ከአገር ቤት የሐብሐብ ዘር ልትልክልኝ ነው። ደግሞ አምና ከዚሁ የተገዛ ዘር ዘርቼ አንዲት ፍሬ አገኘሁ፣ ስቆርጣት ውስጧ ነጭ ነው። መድረሱ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ እናትሽ በርበሬና ሽሮ ይላኩልሽ፣ ዘሩ ይቅር። አሜሪካ ዘር ሲገባ የጤና ማረጋገጫ ወይም ፈቃድ ይጠየቃል። ደግሞም እዚያው አገር ያለው ይሻላል፦ «ብላክቴይል ማውንቴን» የሚባል ዝርያ አለ፣ በቀዝቃዛው ሰሜን አይዳሆ የወጣ፣ ከ70 እስከ 75 ቀን ውስጥ የሚደርስ። ሜይ መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ አብቅዪ፣ ሌሊቱ ሞቅ ሲል፣ ማለትም ጁን ውስጥ፣ አውጪው። ላይ ለሽሮ ሜዳዋ እህትሽ የነገርኳት ጥቁር ላስቲክ ላንቺም ይሠራል። በጋችሁ ደረቅ ስለሆነ ውሃ ከሥሩ በደንብ አጠጪ፣ ቅጠሉን ግን አታርሺው፣ እርጥብ ቅጠል የፈንገስ በሽታ ይጋብዛል።

መድረሱን በጣት መትቶ ድምፁን ሰምቶ የሚያውቅ አለ፣ እኔ እንኳ አላምነውም። ከፍሬው ግንድ አጠገብ ያለችውን ጥምዝ ክር እያት፣ እሷ ስትደርቅ ደርሷል። ከዚያ ገልብጠሽ መሬት የነካውን ሆዱን ተመልከቺ፣ ነጭ ከሆነ ተዪው፣ ወደ ቅቤ ቀለም ከሄደ ቁረጪው። ሐብሐብ ተቆርጦ ከተቀመጠ በኋላ እንደ ሙዝ አይበስልም፣ ስለዚህ ብትጠራጠሪ አንድ ሳምንት ሐረጉ ላይ ጨምሪለት።