ሕግ ትምህርት ቤት ልታመለክቱ ነው? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ናቸው። ወቅቱ ደረሰ ማለት ነው።

«በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄያለሁ። ሕግ ለመማር ማመልከት እችላለሁ?»

እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የሚገባበት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በአሜሪካ ግን ሌላ ዲግሪ ይዘሽ የምትገቢበት የሦስት ዓመት ትምህርት ነው፤ በምን ተመረቅሽ ብሎ የሚያግድሽ የለም። ምሕንድስናሽን አትደብቂው። የግንባታ ውል አንቀጽ በአንቀጽ ያነበበ ሰው እኮ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

«ኤልሳት (የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ፈተና) ላይ ያላወቅኩትን ጥያቄ ልለፈው?»

በፍጹም። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ገምት። ደግሞ ከወንድምህ የወረስከውን የመለማመጃ መጽሐፍ እየው። የሎጂክ ጌም (እንቆቅልሽ መሰል ጥያቄዎች) ክፍል እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል። እሱ ላይ ጊዜህን አትፍጅ።

«የግል መግለጫዬን (ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሴ የምጽፈውን) "ከልጅነቴ ጀምሮ የፍትሕ ጥማት ነበረኝ" ብዬ ጀመርኩ። እንዴት ነው?»

ሰርዢው። እኔም በጊዜዬ «ሕግ የኅብረተሰብ የጀርባ አጥንት ነው» ብዬ ጀምሬ ነበር። ጓደኛዬ አነበበና «ይሄን ማን አላለም?» አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነበር።

የላክሽልኝ ጽሑፍ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ወርቅ አለ። አያትሽ የኪራይ ውል በጣታቸው ሊፈርሙ ቀለሙን ነክተዋል። አንቺ ጮክ ብለሽ እያነበብሽላቸው «ያለ ማስጠንቀቂያ» የሚለው ላይ ስትደርሺ ዝም አልሽ። በቃ፣ ከዚያ ጀምሪ። ለምን ዝም አልሽ? አነበብሽላቸው ወይስ ዘለልሽው? አንባቢው ይህን ሳያውቅ ወረቀቱን አያስቀምጥም። ግን ጽሑፉ የአያትሽ ታሪክ ሆኖ እንዳይቀር። ከዚያ ወዲህ አንቺ ምን እንዳደረግሽ ሰፋ አድርገሽ ጻፊ። «ፍትሕ» የሚለውን ቃል አንዴም ባትጠቅሺው ደስ ይለኛል።

«አባቴ አንድ ታዋቂ ዳኛ ያውቃሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ላጽፋቸው?»

ዳኛው አንተን ያውቁሃል? ካላወቁህ ተወው። ረቂቅህን ሦስቴ አርመው የመለሱልህ መምህር ይሻሉሃል። ጊዜ ሰጥተህ ጠይቃቸው፤ ያን ጽሑፍም አያይዝላቸው።

«ፈተና ሳኮርጅ ተይዤ አንድ ሴሚስተር ታግጄ ነበር። ቅጹ ይጠይቃል። ዝም ብል ማን ያውቃል?»

ያ ባዶ ሴሚስተር ትራንስክሪፕትህ ላይ አፍጥጦ ይታያል። ባይታይም እንኳ ነገሩ እዚህ አያበቃም። በአሜሪካ የጥብቅና ፈቃድ ስትጠይቅ ጸባይህ ይጣራል፤ ያኔ ይህ ማመልከቻህ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ከማኮረጁ ይልቅ መደበቁ ይብስብሃል። በአንድ አጭር አንቀጽ ጻፈው፦ ምን አደረግህ፣ ምን ተቀጣህ፣ ከዚያ ወዲህስ? «መምህሩ ጠምዶኝ ነው» የምትለዋን ግን አውጣት።

«ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገባሁ። በየሳምንቱ ኢሜይል ልላክ?»

ኧረ ተይ! አዲስ ውጤት ወይም አዲስ ሥራ ሲኖርሽ አንዴ ጻፊ። እስከዚያው የተቀበለሽ ሌላኛው ትምህርት ቤት የቦታ ማስያዣ ቀነ ገደብ እንዳያልፍብሽ።