ሚጥሚጣ፣ አረቄ እና ማህተም ከኮሶ ትል ያድናሉን?

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፈተና ሲያልቅ ወይም ጾም ሲፈታ ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ሥጋ ቤት እንሄዳለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የምናዘውም ቁርጥ ነው። ከመካከላችን የጤና ሳይንስ ተማሪዎች አሉ፤ የኮሶ ትል እንዴት እንደሚተላለፍ በቃላቸው ያውቁታል። ይሁን እንጂ ሥጋው ማህተም ካለበት፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ከበዛበት፣ በላዩም አረቄ ከተጠጣ ችግር የለውም ይላሉ። እኔ በቅርቡ ኮሶ ስለታየብኝ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ገዝቼ ወሰድኩ፤ ከዚህ በፊትም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ጓደኞቼ የሚሉት እውነት ነው? መድኃኒቱን በየጊዜው መውሰድስ ይጎዳል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ጓደኞችዎ ከጠቀሷቸው ሦስት ነገሮች አንዱም ከኮሶ ትል አያድንም። የትሉ እጭ የሚገኘው በሥጋው ላይ ሳይሆን በጡንቻው ውስጥ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ፈሳሽ የያዘ ነጣ ያለ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሚጥሚጣውና አዋዜው የሚነኩት የጉርሻውን ገጽ ብቻ ነው። አረቄውም ጨጓራ ደርሶ ከምግቡ ጋር ሲቀላቀል ኃይሉን ያጣል፤ እጩ ግን የጨጓራን አሲድ ተቋቁሞ ያልፍና አንጀት ውስጥ ሐሞት ሲያገኘው ራሱን አውጥቶ ከአንጀት ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ አድጎ በርካታ ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ዛሬ ኮሶ የታየበት ሰው ትሉን ያገኘው ትናንት ከበላው ሥጋ ሳይሆን ከወራት በፊት ከበላው ነው።

ስለ ማህተሙ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ ፈጽሞ ዋጋ የለውም ብዬ እንዲረዱኝ አልፈልግምና። በቄራ የሥጋ መርማሪው የበሬውን የመንጋጋ ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን እየሰነጠቀ ይመለከታል። እጩ በብዛት ካለ ያገኘዋል፤ በሥጋው ውስጥ የተበተኑት ጥቂት ከሆኑ ግን ቢላዋው ባልደረሰበት በኩል ሊያመልጡት ይችላሉ፤ ሰውን ለማስያዝ ደግሞ አንዱ ይበቃል። ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው በግልጽ የታመመ ከብት፣ ለምሳሌ አባ ሰንጋ የያዘው፣ ለምግብ እንዳይቀርብ በማድረግ ነው። ከቄራ ውጭ የታረደ ሥጋ፣ ቢበስልም እንኳ፣ እንዳይገዙ አጥብቄ እመክራለሁ።

እጩን በእርግጥ የሚገድለው እሳት ነው። የሥጋው መሐል 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ እጩ ይሞታል። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ እዚህ ሙቀት ላይ ስለመድረሱ ማረጋገጫ የለም፤ ከዚህም በላይ ሥጋው ሲከተፍ በገጹ ላይ የነበሩት ባክቴሪያዎች ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሳልሞኔላንና ሌሎችንም ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች የምናገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሥጋው የተቆረጠበት ቢላዋና ጣውላ ሳይታጠብ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲከተፍበት ደግሞ ጥሬ ሥጋ ያልነካውም ሰው ይያዛል።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ኒክሎሳሚድና ፕራዚኳንቴል በአንድ ጊዜ የሚወሰዱና በአግባቡ ከተወሰዱ ትሉን የሚያስወግዱ መድኃኒቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ያለውን ትል ያስወግዳሉ እንጂ የሚመጣውን አይከለክሉም፤ ዛሬ ወስደው ነገ ቁርጥ ቢበሉ እንደገና ሊያዙ ይችላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ለጥሬ ሥጋ እንደ ፈቃድ መቆጠሩ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ያዩትን ሳያፍሩ ይናገሩ። ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ በራሱ የሚንቀሳቀስና አንዳንዴ የውስጥ ልብስ ላይ የሚገኝ ቁራጭ ካዩ ይህን መግለጽዎ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው፤ የሰገራ ምርመራ በአንድ ቀን ናሙና የትሉን እንቁላል ላያገኝ ይችላልና። ከሕክምናው በኋላም እስከ ሦስት ወር ይከታተሉ። የኮሶ አበባን በቤት በጥብጦ መጠጣትን ግን አልመክርም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ዓይንን መጉዳቱም ተዘግቧል፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም። ብዙ ተማሪዎች የሚፈሩት «ትሉ ወደ ጭንቅላት ይወጣል» የሚለው ነገር የአሳማ ኮሶ ትል እንጂ የበሬው ጠባይ አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ስለ እርስዎ ጤና ነው፤ ነገሩ ግን ከእርስዎ ያልፋል። ያደገው ትል የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው፤ በሬው ከሰው ካልተያዘ ሰውን ሊያሲዝ አይችልም። ኮሶ ያለበት ተማሪ ክረምት ሲገባ ወደ ገጠር ቤተሰቦቹ ሄዶ ሜዳ ላይ ቢጸዳዳ፣ እያንዳንዱ የትሉ ቁራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይዞ ሣር ላይ ይወድቃል፤ እንቁላሉ በግጦሹ ላይ ለወራት ይቆያል፤ የአባቱ በሬም ይግጠዋል። በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ከጤና መኮንንና ከኅብረተሰብ ነርስ ጎን የአካባቢ ጤና ባለሙያ ያሠለጠነው መጸዳጃ ቤትን፣ ውኃንና ቄራን የሚመለከት ሰው ከሌለ ሐኪሙ አንድን በሽታ ደጋግሞ ከማከም ስለማይወጣ ነው። የጤና ተማሪ ጓደኞችዎ የዚያ ትምህርት ወራሾች ናቸውና ዕውቀታቸው ከፈተና ወረቀት አልፎ ትእዛዝ የሚሰጥበት ገበታ ላይ ቢታይ ደስ ይለኛል። አስተናጋጁ ሲመጣ ቀድሞ «ለእኛ ጥብስ፣ በደንብ የበሰለ» የሚል አንድ ሰው ካለ ሌሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ይከተላሉ። ቁርጥ በፋሲካና በሠርግ ያለውን ክብር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጥብሱም፣ ቅቅሉም፣ ቀይ ወጡም የዚያው በሬ ሥጋ ናቸው፤ እንግዳንም ጓደኛንም አያሳፍሩም።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ የምጽፍ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ሥጋውን በፍሪጅ አቆይቶ ጥሬውን መብላት ይቻላል?

መልስ፦ በተራው የፍሪጅ ክፍል ማቆየት ለዚህ አይረዳም። እጩ የሚሞተው ሥጋው እስከ መሐሉ ድረስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ቢያንስ ለ10 ቀን ሳይቋረጥ ሲቆይ ነው፤ ይህም ጥሩ ማቀዝቀዣና የማይጠፋ መብራት ይፈልጋል። ብርዱ ባክቴሪያዎቹንም እድገታቸውን ይገታል እንጂ አይገድላቸውም። በቤትዎ ባለው ፍሪጅ ከመተማመን ሥጋውን ውስጡ ቀይ መሆኑን እስኪተው ድረስ ያብስሉት።